ሰፈር ውስጥ የትራም መስመር ማቀድ፦ ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት ምን ምን ይሰራል

ትራም (መንገድ ላይ በተቀበረ ሐዲድ የሚሄድ የከተማ ባቡር) ሊመጣ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚለቀቀው ስዕሉ ነው፣ ያ በኮምፒውተር የተሰራ፣ ዛፍ የበዛበት፣ መንገዱ ላይ አንድ ቪትዝ እንኳን የማይታይበት ስዕል። ሰውም ስዕሉን አይቶ ስለ ባቡሩ ቀለም ማውራት ይጀምራል። ቀለሙ ይደርሳል። ይሄን የጻፍኩት ከተማ ፕላን ለሚማሩ፣ ክፍለ ከተማ ወይ ትራንስፖርት ቢሮ ለሚሰሩ፣ እንዲሁም ሰፈራቸው ላይ መስመር ሲታቀድ ለህዝብ ውይይት ተጠርተው ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ግራ ለሚገባቸው ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ናቸው፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ተሳፍረን ስላየነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከኢየሩሳሌምና ከኤድንብራ ነው።

መለማመጃ እንዲሆነን ከሜክሲኮ ተነስቶ በሳር ቤት፣ በመካኒሳ አድርጎ ጀሞ የሚደርስ አንድ መስመር እናስብ። ይሄ ኮሪደር ለፈጣን አውቶቡስ ታስቦ ብዙ የተባለለት ነው፣ እኔም ትራም ይሁን እያልኩ አይደለም፣ ሂሳቡን የምንሰራበት ቦታ ስለሚያስፈልገን ነው።

1. ችግሩን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉት

«ከተማችን ዘመናዊ እንድትሆን» ችግር አይደለም። «ጠዋት ከጀሞ የሚወጣ ሰራተኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻ ይሄን ያህል ደቂቃ ይቆማል» ይሄ ችግር ነው፣ ይለካል፣ ባቡሩ ከመጣ በኋላም ቀነሰ አልቀነሰም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አረፍተ ነገሩን መጻፍ ካልቻላችሁ እዛው ጋር ቁሙ፣ ወደ 2 አትለፉ።

ዲሲ ያላችሁ የኤች ስትሪቱን ስትሪትካር (ትራሙን ማለት ነው) ታስታውሱታላችሁ። ሐዲዱ የተቀበረው መንገዱ ሲታደስ ከተቆፈረ አይቀር ተብሎ ነው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ባቡሮቹ የት እንደሚያድሩ ገና ሳይለይለት። ከዛ ማደሪያው የት ይሁን እየተባለ ሲጨቃጨቁ፣ ሙከራው ሲጓተት፣ ሰው የተሳፈረበት በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም 4 ኪሎ ሜትር ለማትሞላና 8 ፌርማታ ላላት መስመር። በ2025 ደግሞ ከተማዋ ዘግታው በአውቶቡስ ልትተካው እንደሆነ አሳወቀች። መስመሩ ንግድ እንዲያነቃቃ ነው ወይስ ሰው ቶሎ እንዲያደርስ የሚለው ከመጀመሪያው ቁርጥ ያለ መልስ ቢኖረው ኖሮ ብዙው ነገር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

2. ሰው ቁጠሩ፣ መኪና ሳይሆን

ብዙ ጥናት የሚቆጥረው ተሽከርካሪ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳት መኪናና 80 ሰው የጫነ አውቶቡስ ወረቀቱ ላይ እኩል «አንድ» ሆነው ይገባሉ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰአት፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰአት መንገዱ ዳር ቆማችሁ በየ15 ደቂቃው ስንት ሚኒባስ፣ ስንት ሃይገር፣ ስንት የከተማ አውቶቡስና ስንት ሰርቪስ እንዳለፈ፣ ምን ያህል እንደሞላም ጻፉ። ማክሰኞና ሐሙስ ይሻላሉ፣ ሰኞና አርብ ያሳስታሉ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ደግሞ የመርካቶ ገበያ ስለሆነ ለብቻው ይቆጠር። ክረምት ላይ በፍጹም አትቁጠሩ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ያገኛችሁት ቁጥር መስከረም ላይ ውሸት ይሆናል።

ቆጠራ ብቻውን ግን ሰው ከየት ወዴት እንደሚሄድ አይነግራችሁም። እሱን የሚያውቁት ተራ አስከባሪዎቹና ወያላዎቹ ናቸው፣ የትኛው ሰአት ላይ የትኛው ሰልፍ እንደሚረዝም፣ ሰው የት ወርዶ የት እንደሚቀይር ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ ኮንሰልታንት የለም፣ ደግሞ ቡና ከጋበዛችኋቸው በቂ ነው። ከጀሞ የተነሳው አብዛኛው ሰው ሜክሲኮ ወርዶ ሌላ የሚይዝ ከሆነ ለምሳሌ ሜክሲኮ ላይ ያለው መሸጋገሪያ ከመስመሩ እኩል ዋጋ አለው ማለት ነው።

አሁን ቁጥሩን ከአቅም ጋር አስተያዩት። ባቡሩ 200 ሰው ቢይዝና በየ5 ደቂቃው ቢመጣ በሰአት 12 ጊዜ ነው፣ ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ 2,400 ሰው። ይሄንኑ ሰው 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ለማንሳት በሰአት 200 ሚኒባስ ያስፈልጋል፣ 80 ሰው በሚይዝ አውቶቡስ ከሆነ ግን 30 ብቻ፣ ማለትም በየ2 ደቂቃው አንድ። ቆጠራችሁ በሰአት 800 ወይ 1,000 ሰው ካሳየ በቃ አውቶቡስ ግዙ፣ የራሱን መንገድ ስጡትና ገንዘቡን ለሌላ አውሉት፣ ይሄን ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

3. መንገዱ የማን እንደሚሆን ወስኑ (ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል)

ትራም ጠምዝዞ ማለፍ አይችልም። ይሄን የማያውቅ የለም፣ ግን እቅድ ላይ ሲደርስ ይረሳል። ኤች ስትሪት ላይ ሐዲዱ ከመኪና ማቆሚያው ጎን ባለው፣ ሌላው መኪና ሁሉ በሚነዳበት መስመር ላይ ነው የተቀበረው፣ ስለዚህ አንድ ሰው መኪናውን ደርቦ ካቆመ ወይ ጎማው ከነጩ መስመር ትንሽ ካለፈ ባቡሩ ከነተሳፋሪው ቆሞ ያቺ መኪና እስክትነሳ ይጠብቅ ነበር። ከኋላው ያለው አውቶቡስ ግን ዞር ብሎ ያልፍ ነበር። እንደዛ ከሆነ ሐዲዱ ምን ጠቀመ?

ኢየሩሳሌም ሌላኛው ጫፍ ነው። ያፎ ጎዳና የከተማው ዋና የንግድ መንገድ ሆኖ ሳለ መኪናው ከመሀሉ ወጥቶ ለባቡርና ለእግረኛ ተለቀቀ፣ ያኔ 13.8 ኪሎ ሜትር የነበረው መስመርም በነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ. ስራ ጀመረ። ግንባታው ብዙ አመት የፈጀና ነጋዴውን ያስመረረ ነበር፣ ግን ዛሬ ያፎ ላይ መኪና ይመለስ የሚል ሰው ብዙም አይገጥማችሁም።

የመንገዱን ነገር በገንዘብ ስታዩት ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይገለጣል። የጀሞውን መስመር ለሂሳቡ ያህል 9 ኪሎ ሜትር እንያዘው። ባቡሩ የራሱ መንገድ ኖሮት፣ ፌርማታና መስቀለኛ መንገድ ጨምሮ በአማካይ በሰአት 18 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መሄጃው 30 ደቂቃ፣ መመለሻው 30፣ ጫፍና ጫፍ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ እረፍት፣ ድምር 70 ደቂቃ። በየ5 ደቂቃው እንዲመጣ 70 ለ5 ሲካፈል 14 ባቡር። አሁን ያንኑ መስመር ከመኪና ጋር ቀላቅሉትና አማካዩ ወደ 12 ይውረድ፣ መሄጃው 45፣ ዙሩ 100 ደቂቃ፣ ስለዚህ 20 ባቡር። ስድስት ባቡር ጨመራችሁ፣ ስድስት ጊዜ ዶላር፣ ስድስት ጊዜ ሹፌር፣ ማደሪያ፣ ጥገና፣ ተሳፋሪው ደግሞ 15 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የተገኘው ነገር ቢኖር ጥቂት መኪኖች ቆመው የሚውሉበት ቦታ ነው። ስብሰባ ላይ «ለባቡር ብቻ መስመር መስጠት ይከብዳል» የሚል ባለስልጣን ሲገጥማችሁ ይሄን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሰርታችሁ ፊቱ አስቀምጡለት።

ለሁለት ሐዲድ 7 ሜትር ገደማ ስፋት ያዙ፣ ፌርማታ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ለመቆሚያው 3 ሜትር ጨምሩ፣ ሁለቱ መቆሚያዎች ፊት ለፊት ከሆኑ 6። የመንገዱን ስፋት ከማስተር ፕላኑ አትውሰዱ፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩ፣ ፕላኑ ላይ 30 ሜትር የሚል መንገድ መሬት ላይ ሲታይ አጥርና ኮንቴነር ገብቶበት ሌላ ነገር ነው።

ግን የራሱ መንገድ ማለት አጥር ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ አዲስ አበባ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነች። ከመገናኛ ወደ አያት ስትሄዱ ባቡሩ መሀል ላይ የራሱን ቦታ ይዞ ማንም ሳይነካው ያልፋል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል። ፊት ለፊቱ ያለውን ሱቅ እያየ ለመሻገር ሩቅ ዞሮ የሚመጣ ሰው አለ፣ መኪናውም ዩተርን ፍለጋ ወደፊት ነድቶ ይመለሳል፣ የቸኮለው ደግሞ አጥር ይዘላል። ስለዚህ እቅዳችሁ ላይ እግረኛ መሻገሪያውን ከሐዲዱ በፊት ሳሉት። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ጤና ጣቢያና ገበያ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሰው አሁን የሚሻገርበትን ቦታ በአይናችሁ እዩ፣ ሳር ላይ የተረገጠች ቀጭን መንገድ ካለች እሷ መሻገሪያ ነች፣ ከ200 ወይ 250 ሜትር በላይ መሻገሪያ የሌለው ቦታ አትተዉ። ድልድይ ሰርተናል ተብሎ ብቻ አይታለፍ፣ አሮጊት እናት ዘንቢል ይዘው ያን ሁሉ ደረጃ አይወጡም፣ ከላይ ሊፍት ቢገጠምም ሲበላሽ ማን ያስጠግነዋል? ትራም ደግሞ እንደ ሩቅ ሀገር ባቡር አይደለም፣ ቀስ ብሎ ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ ዜብራና የትራፊክ መብራት ይበቃዋል፣ መብራቱ ባቡሩ ሲቀርብ አውቆ ቅድሚያ እንዲሰጠው ተደርጎ ከተሰራ።

4. ፌርማታ

ሰው የበዛበት ሰፈር ውስጥ በየ400 ወይ 500 ሜትሩ፣ ወጣ ሲል በየ700 ወይ 800 ሜትሩ። ከዛ ካበዛችሁት ባቡሩ ቆሞ ሲነሳ ይውላል፣ ካራራቃችሁት ሰው እስኪደርስበት ታክሲ ይዞ ይሄዳል። የፌርማታው ቁመት ከባቡሩ ወለል እኩል ይሁን፣ ዝቅ ያለ ወለል ላለው ባቡር 30 ወይ 35 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ዊልቸርም የህጻን ጋሪም ሳይነሳ ይገባል። ጥላና የዝናብ መከለያ ስታስቡ የሐምሌን ዝናብ አስቡ፣ በጎን የሚመታውን።

መሸጋገሪያው ላይ ጊዜ አጥፉ። ኤች ስትሪት ላይ የምዕራቡ ጫፍ ዩኒየን ስቴሽን ይባል ነበር እንጂ የሚቆመው ከጣቢያው ጀርባ ድልድዩ ላይ ነበር፣ ከዛ በመኪና ማቆሚያው በኩል ሄደህ ነበር ሜትሮውን (የምድር ውስጥ ባቡሩን) የምታገኘው። በኛ ምሳሌ ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ካለው የቀላል ባቡር ሐዲድ ጋር እንቀላቀል የሚል ሀሳብ መምጣቱ አይቀርም፣ ርካሽ ይመስላል፣ አትስማሙ። ሁለቱ የአዲስ አበባ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ 2.7 ኪሎ ሜትር አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፣ እያንዳንዱ በየ6 ደቂቃው ይምጣ ብትሉ የጋራው ክፍል ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ያልፋል፣ ሶስተኛ መስመር ከጨመራችሁ በየ2 ደቂቃው ይሆናል። እዛች ቦታ ላይ አንዱ ከተበላሸ አያትም ቃሊቲም ጀሞም አብረው ይቆማሉ። አዲሱ መስመር የራሱ መቆሚያ ይኑረው፣ ከአሮጌው ጣቢያ በእግር አንድ ደቂቃ፣ ያለ ደረጃ።

5. መሬት ስር ያለውን እወቁ

እቅድ የሚሞተው እዚህ ጋር ነው። ውሃና ፍሳሽ፣ ቴሌ፣ መብራት ሃይል፣ የሁሉንም ካርታ ሰብስቡ፣ ከዛ ካርታውን አትመኑት። በየ100 ወይ 200 ሜትሩ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ማንም የማያውቀው ቱቦ ይወጣል፣ ማን እንደቀበረው የሚናገር የለም። ሐዲዱ ላይ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ከስሩ ያለ ቧንቧ ቢፈነዳ ባቡሩን አቁማችሁ ነው የምትቆፍሩት፣ ስለዚህ ዋና ዋና መስመሮች ሁሉ አስቀድመው ወደ ጎን ይዛወራሉ። ኤድንብራን እዩ፣ ትራሙ በ2011 እ.ኤ.አ. ያልቃል ተብሎ የተከፈተው በግንቦት 2014 ነው፣ ወጪው 776 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፣ መስመሩም መጀመሪያ ይደርሳል የተባለበት ሳይደርስ። ከምክንያቶቹ ዋናዎቹ ከኮንትራክተሩ ጋር የነበረው ጭቅጭቅና ይሄው መሬት ስር ያለው የቱቦና የገመድ ነገር ናቸው።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፣ ባቡሩ የሚሰራው በዲሲ ከረንት ነው (ከተማዋን አይደለም፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ማለት ነው)፣ አዲስ አበባ ላይ 750 ቮልት። ከላይ በሽቦው ይመጣና በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። ሐዲዱ በደንብ በጎማ ካልተለየ ከፊሉ ወደ መሬት ይሾልክና በአመታት ውስጥ የብረት ቧንቧ ይበላል። ውሃና ፍሳሽ ያሉ መሀንዲሶችን ከመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ አስቀምጧቸው።

ከመሬት በላይ ያለውንም አትርሱ። የሰሜን ደቡቡ መስመር ሲሰራ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ ስራው ካለቀ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ እስኪመለስ ድረስ ግን የነበረው ስጋትና ወሬ ቀላል አልነበረም። መንገዳችሁ ላይ ሐውልት፣ መቃብር፣ አሮጌ ቤት ካለ ምን እንደሚሆን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚመለስ በጽሁፍ ቀድማችሁ አውጡ። ጥምቀት ላይ ታቦት የሚያልፍበትም መንገድ ከሆነ የዛን ቀን ባቡሩ የት ድረስ እንደሚሰራ ከደብሩ ጋር ተነጋገሩ።

6. ዳገት፣ ኩርባ፣ መብራት

ባጭሩ፣ ዳገቱ ከ6 ወይ 7 ፐርሰንት ካለፈ አምራቹን ጠይቁ፣ ኩርባው ራዲየሱ ከ25 ሜትር ካነሰ ባቡሩም ይጮሃል ሐዲዱም ቶሎ ያልቃል። የመብራት ማከፋፈያ ሰብስቴሽን በየ2 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ያስፈልጋል፣ ቦታው አሁኑኑ ይያዝ፣ ሃይሉም ከሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች ይምጣ፣ ሰፈሩ ሲጠፋ ባቡሩ አብሮ እንዳይጠፋ። ሳይክል የሚነዳ ሰው ካለ ጎማው ሐዲዱ ውስጥ እንዳይገባ ቀጥ ብሎ የሚሻገርበት ቦታ ይሰራለት።

7. ዴፖና መለዋወጫ

ከላይ 14 ባቡር ያልነው መንገድ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሁልጊዜ አንዳንዱ ጥገና ላይ ስለሆነ 3 ጨምሩ፣ 17። እነዚህ የሚያድሩበት፣ የሚታጠቡበት፣ የሚጠገኑበት ዴፖ፣ ማለትም ሁለት ሄክታር ገደማ መሬት ከመስመሩ ጋር ተያይዞ ያስፈልጋል። ጫፍ ላይ፣ በኛ ምሳሌ ጀሞ አካባቢ፣ መሬት ካልተገኘ መስመሩ የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ ይሄን ከሐዲዱ በፊት ጨርሱት።

መለዋወጫ ደግሞ ከባቡሩ ጋር በአንድ ጨረታ ይገዛ። አዲስ አበባ 41 ባቡር ገዝታ ነበር፣ ከጥቂት አመት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ከግማሽ በላዩ ቆመው ነበር፣ ሰውም ረጅም ሰአት ሲጠብቅ ሲመጣለት ደግሞ መግቢያ ያጣል። ሶፍትዌሩ በማን እጅ እንደሆነ፣ ማኑዋሉ በምን ቋንቋ እንደሆነ፣ ሌላ ፋብሪካ ተመሳሳይ እቃ መስራት ይችል እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ቢያንስ የ5 አመት የብረት ጎማ፣ ብሬክና ኤሌክትሮኒክስ መጋዘን ይግባ፣ አስር ጥገና ሰራተኛም ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ይሰልጥን።

8. ገንዘቡ

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ወደ 34 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 39 ጣቢያ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 85 ፐርሰንቱ ከቻይናው ኤግዚም ባንክ ብድር። መስከረም 2008 ዓ.ም. ስራ ሲጀምር ቲኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለደሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ እኔም እቃወመዋለሁ አልልም፣ ግን ብድሩ በዶላር፣ ገቢው በብር ነው፣ ቲኬቱ ደግሞ የመብራትና የጥገናውን እንኳን አይሸፍንም ነበር። ስለዚህ እቅዳችሁ ላይ ሁለት ሰንጠረዥ ይኑር፣ አንዱ ለመስሪያ፣ ሌላው ለ20 አመት ማስኬጃ። ሁለተኛው ላይ ጉድለቱን ማን እንደሚሞላ ስሙ ይጻፍ፣ «መንግስት» አይበቃም፣ የከተማው አስተዳደር ከየትኛው በጀት፣ በየአመቱ ስንት። ሁለተኛው ሰንጠረዥ ያልተያያዘበት ጥናት ከመጣላችሁ መልሱት።

9. ግንባታውን ቆራርጡት

9 ኪሎ ሜትሩን በአንዴ አትቆፍሩ። ሱቅ፣ ቁርስ ቤት፣ ጋራዥ ያለው ሰው ፊቱ ለሁለት አመት ጉድጓድ ከሆነ ይዘጋል፣ ከዛ ባቡሩ ሲመጣ የሚሳፈረውም የሚገዛውም ሌላ ሰው ይሆናል። በ500 ወይ 600 ሜትር ክፍልፍል፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይጀመር ውሉ ላይ አስገቡ። ካሳ ለቤት ባለቤት ብቻ ሳይሆን ለተከራይ ነጋዴም ይታሰብ። ህዝብ ውይይቱን ወረዳ አዳራሽ በስራ ሰአት ከምትጠሩት እሁድ ከሰአት፣ የእድር ስብሰባ ላይ ሂዱ፣ እዛ ያልሰማችሁት ቅሬታ በኋላ ፍርድ ቤት ነው የምትሰሙት። ታክሲዎቹንም ጥሩ፣ መስመራቸው ተነጥቆ ሌላ ካልተሰጣቸው ከባቡሩ ጋር ይሻማሉ፣ ወደ ፌርማታው ሰው የሚያመጡ አጫጭር መስመሮች ከተሰጧቸው ግን ባቡሩን የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

10. ሙከራ

ሐዲዱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 2 ወር ባዶውን ይሂድ፣ በትክክለኛው ሰአት ሰሌዳ፣ ጠዋት የመኪናው ጭንቅንቅ ባለበት ሰአት። የትኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆመ ይመዝገብና መብራቱ ይስተካከል። ከዛ የአሸዋ ጆንያ ጭናችሁ ሙሉ ተሳፋሪ እንደያዘ አድርጋችሁ ዳገቱ ላይ አቁሙት፣ አስነሱት፣ ፍሬኑን ሞክሩት፣ በዝናብም ድገሙት። አንድ ባቡር ሆን ብላችሁ መካኒሳ ላይ አበላሹና ጎትቶ ለማውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኩ። ከ20 ደቂቃ ካለፈ ሪባኑ አይቆረጥ፣ የጥሪ ካርዱ ታትሞም ቢሆን።